የበረንዳው ብረት

ተኽላይ ያለ ምክንያት ቱግ ይላል ይሉታል። ውሸት ነው። ሃያ ዓመት ብረት ሲያጥፍ የኖረ ሰው ምክንያት አጥቶ አያውቅም። ሥራው ፌራዮ ነው፤ አርማታ ውስጥ የሚቀበረውን ብረት ይቆርጣል፣ ያጥፋል፣ በሽቦ ያስራል። የቦሌ ቪላ ስንቱ በእጁ አልፏል።

በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ገርጂ የቀበሌ አዳራሽ ሲሠራም ብረቱን ያሰረው እሱ ነበር። አዳራሹ ፎቁ ላይ ከግድግዳው ወደ ፊት የወጣ፣ ከሥሩ ምሰሶ የሌለው በረንዳ ነበረው። ለአብዮት በዓል የቀበሌው የኪነት ልጆች እዚያ ላይ ቆመው ሊዘምሩ ታስቧል። የተኽላይ ልጅ ትበርህም አንዷ ናት።

አርማታው በሚሞላበት ቀን ጠዋት ተኽላይ ሲመጣ፣ ከላይ በኩል ያሰረው ብረት ተፈትቶ ታች ተነጥፏል። ያስፈታው የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ወልደጻድቅ ነው።

«ሸክም የሚይዘው ከታች ያለ ነው» አለ፤ በሕይወቱ አንድ ብረት አጥፎ የማያውቅ ሰውዬ።

ተኽላይ ደሙ ፈላ። ከምሳ ዕቃው ያደረ ዳቦ አውጥቶ ግማሹን ጣውላ ላይ በመዳፉ ያዘና ወደ ውጭ የተረፈውን ጫፍ ቁልቁል ተጫነው። ዳቦው ከላይ ተሰነጠቀ።

«ይዩት እንግዲህ። ሲጎብጥ ከሥር ይጨመቃል፣ ከላይ ይለጠጣል። አርማታ ቢጨምቁት ይችላል፤ ሲለጥጡት ግን ይሰነጠቃል። ብረቱ የሚያስፈልገው የሚለጠጠው ጋ ነው።»

«አሻጥር ትሠራለህ እንዴ?» አለ ጓድ ወልደጻድቅ። ከኋላው አብዮት ጥበቃው ጠመንጃውን አስተካከለ። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ሁሉም ያውቃል። ተኽላይ ዝም አለ፤ አርማታው ተሞላ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ያንገበግበዋል።

በበዓሉ ጠዋት፣ በረንዳውን ደግፎ የቆየው ባሕር ዛፍ ተነስቶ ልጆቹ ቀይ ስካርፍ አስረው ተሰለፉ። ተኽላይ ቀድሟቸው ወጥቶ የበረንዳው በር ላይ ተገተረ። ወለሉ ላይ፣ ግድግዳውን ታክኮ፣ ጸጉር የመሰለ ስንጥቅ ከዳር እስከ ዳር ሄዷል።

«መጀመሪያ እርስዎ ይቁሙበት» አለው ሊቀመንበሩን።

ጓድ ወልደጻድቅ ስንጥቁን አየ። እግሩን አነሳና መለሰው።

«ልጆቹ ቀላል ናቸው» አለ።

«አንተ ውሻ» አለው ተኽላይ፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። የትበርህን እጅ ይዞ ወረደ። ሌሎቹ ወላጆችም የየልጆቻቸውን እጅ ያዙ፤ መዝሙሩ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ተዘመረ።

ተኽላይ አሥራ አንድ ወር ታሰረ። ሲፈታ በረንዳው ሥር ስድስት ወፋፍራም ባሕር ዛፎች ቆመው አገኘ። ያስቆማቸው ጓድ ወልደጻድቅ ነው፤ የቢሮው በር እዚያ ሥር ነበር።