ደህና ሰው በአፍ ማስተኛት

የያዙኝ ገንዳ ውሃ ከተማ፣ ከባህል አዳራሹ፣ ቴአትር ሳለማምድ ነው። ሁለት ፖሊሶች እስክንጨርስ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁ፤ አንደኛው እንዲያውም እያየ ስቋል። ከዚያ "መምህር፣ ለጥያቄ ትፈለጋለህ" አሉኝ።

ያሰሩኝ ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ሙቀቱ ትንፋሽ ያሳጥራል። የታሰሩት አብዛኞቹ ከእርሻ የመጡ የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ ልብሳቸው ሰሊጥ ሰሊጥ ይሸታል። ከጎጃም ለአጨዳ የወረዱ፣ ከደላላ ተጣልተው የገቡ አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

ቴአትራችን ሠራተኛ ስለሚያታልል ደላላ ነበር። ገና ሳይታይ ከተማውን አጣላ። ባለሀብቶቹ ተሰደብን አሉ፤ ሌላው እውነት ነው፣ ይታይ አለ። የአዳራሹ ሰዎች "ይታይ" ማለት ፈሩ፤ "ከልክለናል" ማለትም አፈሩ።

በማግስቱ የፖሊስ ጣቢያው ኃላፊ አስጠራኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱም ደክሞታል፣ እኔም ደክሞኛል። በባጃጅ እየዞርኩ፣ መሪ ተዋናይዋ ስለታመመች ቴአትሩ ቀርቷል ብዬ በድምፅ ማጉያ እንድናገርና ወደ ቤቴ እንድሄድ ነገረኝ። እስከ ነገ አስብበት አለኝ።

ተዋናይዋ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። እውነቱን ለመናገር፣ ልስማማ ምንም አልቀረኝም ነበር። ለሽማግሌው አወራኋቸው።

"ታማለች ካልህ አገሩ ሁሉ ሊጠይቃት ይመጣል" አሉኝ። "እናቷ ምን ትበል? ደህና ሰው በአፍህ አታስተኛ፣ ልጄ።"

ይህ አልታየኝም ነበር። በእኛ ከተማ ታመመች ከተባለ ብርቱካን አንጠልጥሎ የማይመጣ የለም። ወሬውም ገበያ ሲደርስ ካላዛር፣ ያ ገዳይ የቆላ በሽታ፣ ይሆናል።

ጠዋት ለኃላፊው ደህና መሆኗን ነገርኩት። "ተከለከለ በሉኝ፣ ተከለከለ ብዬ እዞራለሁ። ታማለች ግን አልልም።"

"እንግዲያው ትቆያለህ" አለኝ። ቆየሁ።

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ተዋናይዋ ራሷ ምሳ ይዛልኝ መጣች። ስለ ነገሩ አልሰማችም፤ እኔም አልነገርኳት። ሩዙ ሳይበላሽ ቶሎ ብላ አለችኝና ወደ ሥራዋ ሄደች። ከሽማግሌው ጋር በላነው።

በኋላ ለቀቁኝ፤ ቴአትሩ ግን ሳይታይ ቀረ። አሁን ጎንደር፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ እሠራለሁ። ጭቅጭቅ ሲነሣ ዛሬም ቴአትር ይወርዳል፤ በሩ ላይ "በቴክኒክ ችግር" የሚል ይለጠፋል። መከራከሩ ሰልችቶኛል። ተመልካች መጥቶ ምን ሆነ ሲለኝ ግን ከልክለውት ነው እለዋለሁ። እንዲህ ብዬ ያስመለስኩት ቴአትር አንድም የለም።