እኅቴ በከሰዓቱ አውሮፕላን የመጣችበት ቀን

ይህን የምጽፈው፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአውሮፕላን አንድ ሰዓት እንኳ እንደማይፈጅ ሰዎች ሲናገሩ በሰማሁ ቁጥር አንገቴን የምደፋበትን ምክንያት ለማስረዳት ነው። ነገሩ የደረሰው ባለፈው የካቲት ነው።

አባታችን ባሕር ዳር፣ ፔዳ ሰፈር አጠገብ ባለው ቤታችን ያረፉት ወደ ማታ ነበር። ቀብራቸው በማግሥቱ፣ በተወለዱባት፣ ጣና ሐይቅ ላይ ባለችው በደቅ ደሴት እንዲሆን ተወሰነ። ታላቅ እኅቴ የምትኖረው አዲስ አበባ ነው። በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ወዳጅ ጎረቤት ሊነጋጋ ሲል ተሰብስቦ፣ ከብቦ ነው የሚያረዳው። አጎቴም፣ "ለጎረቤቶቿ እንላክና ጎሕ ሲቀድ ያርዷት" አሉ።

እኔ ተቃወምሁ።

"በመኪና ቢሆን ሙሉ ቀን ነው፤ በአውሮፕላን ግን አንድ ሰዓት አይሞላም። ለምን ለብቻዋ እያለቀሰች ትመጣለች? አባባን ትንሽ አሟቸዋል ልበላትና በጧቱ በረራ ትምጣ። እዚሁ በመካከላችን እናረዳታለን።"

"እንግዲህ የተማርኸው አንተ ነህ" አሉኝ።

ደወልሁላት። የጧቱን በረራ ያዘች።

ሲነጋ ስልኬ ጠራ። ለቅሶው እንዳይሰማት ከግቢ ወጥቼ ራቅ አልሁ።

"ወንድምዓለም፣ ታክሲ ውስጥ ነኝ፤ አባባ እንዴት አደሩ?"

"ደኅና ናቸው።"

"ያ ባሕር ዳር ጠፋ ያሉኝ መድኃኒት እዚህ ተገኝቷል። መድኃኒት ቤቱ ግን የሚከፈተው ረፈድ ሲል ነው። የጧቱን ልተወውና በከሰዓቱ ልምጣ? ወይስ ጠንቶባቸዋል?"

እውነቱን መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። ለብቻዋ ታክሲ ውስጥ መሆኗን አሰብሁና ፈራሁ።

"አይ፣ አልጠናባቸውም" አልሁ።

"በል፣ መጣሁ በላቸው። ብርቱካንም ይዤላቸዋለሁ።"

ቀብሩ እንዲዘገይ ካህናቱን ለመንሁ። ባለጀልባው ግን ሳቅ አለ። "ያንተ አውሮፕላን ከደመና በላይ ነው፤ እኛ ከማዕበሉ ጋር ነን። ከቀትር በኋላ ነፋስ ከተነሣ ሬሳ ይዤ ጣና አልገባም።"

አስከሬኑ በረፋድ ተሳፈረ። እኔም ልሳፈር እግሬን ሳነሣ አጎቴ ክንዴን ያዙኝ።

"አንተማ ቅር። ያስቀረሃትን ራስህ ተቀበላት።"

ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ስትወጣ መድኃኒቱንና ብርቱካኑን ይዛ ነበር። ቃል ከአፌ ሳይወጣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ መልበሴን አየች።

"ጧት ስጠይቅህ አርፈው ነበር?"

"አርፈው ነበር፣ እታለም።"

"ደኅና ናቸው አልኸኝኮ!"

ለብቻዋ እንዳትረዳ ብዬ የዋሸኋት እኅቴ፣ ሻንጣ በሚጎትት መንገደኛ መካከል፣ ደጋፊ ዘመድ ሳይከባት ተረዳች። ጀልባው ያን ጊዜ ደቅ ደርሷል።

የሰማዩን መንገድ ስለካ፣ መርዶ ያልተረዳ ሰው እንደማይቸኩል አላሰብሁም። ዛሬም ሰላምታዋን አትነፍገኝም። የእናታችንን ጤና ለማወቅ ስትፈልግ ግን እኔን አትጠይቅም፤ ለጎረቤት ትደውላለች። አፍራለሁ።

የጠፋው፦ አንድ አባት፣ ሁለት ስንብት።