ገበታው እስኪነሳ

ሰኞ ሰኞ ሬስቶራንታችን ዝግ ነው። ዝግ ነው ማለት ግን እኔ አርፋለሁ ማለት አይደለም። ፍሪጅ አጸዳለሁ፣ ሽንኩርት እልጣለሁ፣ የሚሠራ ነገር ከጠፋ የበሩን መስታወት እወለውላለሁ። መቀመጥ አልተፈጠረልኝም። እትዬም ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ «ሰኞ ምሳ እጋብዝሻለሁ፤ የቻይና ቤት ነው፣ ጥሩ ቦታ ነው አሉ» ሲሉኝ ነገር እንዳለ ያኔውኑ ገባኝ።

እትዬ የምላቸው ሸሪኬ ናቸው። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ያለችውን ትንሽ የአበሻ ምግብ ቤት አብረን ከፍተን ስንት ዓመት አብረን ቆመንባታል። እሳቸው ከደሴ፣ እኔ ከኮምቦልቻ፤ እሳቸው ድስቱ ጋ፣ እኔ ድስቱም ደጁም ጋ። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንኳ የሰው ሬስቶራንት ጋብዘውኝ አያውቁም። «ከእኔ ወጥ የተሻለ ካገኘሽ ንገሪኝና እሄዳለሁ» ነበር የሚሉት።

ዋዜማውን ልጃቸው ደወለችልኝ። እዚሁ የተወለደች፣ ፓሳዴና ከተማ ሆስፒታል የምትሠራ፣ ገና መንታ የወለደች ናት። «አክስቴ፣ ማሚ ነገ ልትነግርሽ ነው። ወደ እኛ ሙቭ ልታደርግ ነው፤ ሥራውን ትተዋለች። ፕሊስ፣ እንዳታስቸግሪያት ኦኬ?» አለችኝ። «ምን በወጣኝ አስቸግራቸዋለሁ» አልኳት። ስልኩን ስዘጋ ግን ተነስቼ የታጠበ ድስት ደግሜ አጠብኩ። እኔ ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ያለችኝ ያቺ ወጥ ቤት ናት፤ ወጥ ቤቷ ደግሞ ያለ እትዬ አራት ግድግዳ ናት።

እትዬ አንድ ሕግ አላቸው። ገበታ ቀርቦ ክፉ ወሬ አይነሳም። ሥራ እለቃለሁ ሊል የመጣ አስተናጋጅ እንኳ መጀመሪያ ይበላል፣ እጁን ይታጠባል፣ ከዚያ ይናገራል። እኔም ሌሊቱን ስገላበጥ መላውን አገኘሁት፦ ጠረጴዛው ላይ ምግብ እስካለ ድረስ ያቺ ነገር ከአፋቸው አትወጣም። ምግቡ እንዳያልቅ ማድረግ የእኔ ፈንታ ነው።

ቤቱ ጠረጴዛው ነጭ ጨርቅ የለበሰ፣ አበባው የእውነት የሆነ ቤት ነው። ደጅ ላይ መኪና የሚያቆም ልጅ ቁልፍ ስጪኝ ቢለኝ አልሰጠሁትም፤ ራሴ ፓርክ አድርጌ እየሮጥኩ ተመለስኩ። እትዬ ተቀምጠው ሜኑውን እንደ ዳኛ ይመረምራሉ። ዲም ሰም የሚሉት ምሳ እየቆነጠሩ የሚበሉት ነው፤ ክዳን ባለው ትንሽ የቀርከሃ ሳህን ሦስት አራት ፍሬ በእንፋሎት የበሰለ ነገር ይመጣል፣ ያልቃል፣ ሌላ ይመጣል። ለእኔ ጉዳይ የተሠራ ምግብ ነው። ሙስሊም ነንና ሥጋቸው አይሆነንም። ስለዚህ አስተናጋጁን አንድ በአንድ እየጠየቅኩ የሽሪምፑን፣ የአትክልቱን፣ የእንጉዳዩን አዘዝኩ።

«ምነው ምግቡ በረከተ? ሁለት ሰው እኮ ነን» አሉ እትዬ።

«ይቅመሱ፤ እንደ ሳምቡሳ ነው፣ ግን ሊጡ ስስ ነው፣ ውስጡን ያሳያል።»

ቀመሱ። እያላመጡ ራሳቸውን ነቀነቁ። አጠገባችን ያለው ቤተሰብ የዶሮ እግር በወጥ ይበላል። እትዬ ያንን ሲያዩ ማኘካቸውን አቁመው «ስንት ዘመን የጣልነው!» አሉ። ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ሹካቸውን አስቀመጡ።

«እኔ የምልሽ...»

«ይሄኛው እኮ አልተነካም!» ብዬ የቀርከሃውን ክዳን አነሳሁ።

እንዲህ ነበር የዋልነው። ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ የሩዝ ጥቅል አዘዝኩ። ወደ እኔ ጠጋ ሲሉ የእንቁላል ክሬም ያለበት ዳቦ አዘዝኩ። አንዴ ደግሞ እጄ አላርፍ ብሎ ባዶ ሳህኖቹን እንደ ቤቴ ደራርቤ ጠረጴዛ ስወለውል አስተናጋጁ ደርሶ ከእጄ ነጠቀኝ። እትዬ አፍረው አንገታቸውን ደፉ። እኔ ምንም አልመሰለኝም።

በመጨረሻ አስተናጋጁ የምሳው ሰዓት ማለቁን፣ ወጥ ቤቱ እስከ እራት እንደሚዘጋ ነገረን። እትዬ አፋቸውን ከፈቱ።

«ታዲያ እራትም እዚሁ እንብላ!» አልኩ።

«አብደሻል እንዴ?»

«ዓሣቸው ይወራለታል። አንዴ ከመጣን አይቀር።»

እራቱ እስኪደርስ ያለው ሰዓት ከሁሉም አስፈሪው ነበር፤ ገበታ የለ፣ ሕግ የለ። የከሰዓቱን ሶላት፣ ዐሱርን ስንሰግድ እሳቸው መኪና ውስጥ ተቀምጠው ሰገዱ። ዱዓቸው ረዘመ። እኔ ቶሎ ጨርሼ ከውጭ ቁልፌን እያንቀጫቀጭኩ ቆምኩ። እንደጨረሱ ወደ ሱቆቹ ወሰድኳቸው፤ ድስት ቤት፣ ሻይ ቤት፣ ጨርቅ ቤት። እየተራመዱ ቁም ነገር አይወራማ። እኔ ከፊት እበራለሁ፣ እሳቸው ከኋላ «አንቺ ሴት፣ እስቲ ቀስ በይ» ይሉኛል። ለምንም የማይሆነን ጭልፋ ገዛሁ። መሄዳቸውን ባሰብኩት ቁጥር እናደዳለሁ፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም። በልጅቷ ይሁን፣ በመንታዎቹ ይሁን፣ በፓሳዴና።

እራት ላይ ዓሣው ከነጭንቅላቱ መጣ፤ ዝንጅብልና የሽንኩርት ቅጠል ተጎዝጉዞበት፣ አስተናጋጁ ፊታችን ላይ የጋለ ዘይት አፈሰሰበትና ዓሣው ቸስ አለ። እትዬ በሉ። እኔ ከጠገብኩ ቆይቻለሁ፤ ግን ትንሽ ትንሽ እየቆረስኩ አዘገየሁት። ቢዘገይም አንድ ዓሣ ነው፣ አለቀ። አስተናጋጁ አጥንቱን አነሳ፣ ሳህኑን አነሳ፣ ፍርፋሪውን ሁሉ በቢላዋ ጠርጎ ወሰደ። ነጩ ጨርቅ፣ ሜኑውና ቻይናዎቹ ምግብ የሚቆነጥሩባቸው የእንጨት ዘንጎች ብቻ ቀሩ። እጄን ወደ ሜኑው ስሰድ እትዬ በመዳፋቸው ተጫኑት።

«ልጄ ደውላልሻለች አይደል?»

«ደውላለች።»

«እንግዲያ ከጠዋት ጀምሮ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» አሉና ፈገግ አሉ። «እኔ እኮ ልነግርሽ አልነበረም የመጣሁት። ልጠይቅሽ ነው። ልጄንም፣ አክስትሽ ቅሪ ካለችኝ እቀራለሁ ብያታለሁ። ቀኑን ሙሉ አፌን በምግብ ስትደፍኚው መቼ ልጠይቅሽ?»

ይቅሩ የምትለዋ ቃል ምላሴ ላይ ነበረች። ደስታ ነው ድንጋጤ ያወላከፈኝ እንጃ፣ ከጠረጴዛው ላይ አንዱን የመመገቢያ ዘንግ በክርኔ መታሁትና ወደቀ። ላነሳው ጎንበስ አልኩ።

የጠረጴዛው ጨርቅ ሥር የእትዬን እግር አየሁ። ጫማቸውን አውልቀው እላዩ ላይ አሳርፈውታል። አብጧል። የጫማው ጠርዝ የሠራው ምልክት ቁርጭምጭሚታቸውን ዞሮ ሰርጉዶ ገብቷል። ይኸው እግር ነው ከሰዓት ሙሉ ከሱቅ ሱቅ ሲከተለኝ የዋለው። ይኸው ነው ስንት ዓመት ድስቱ ሥር አጠገቤ የቆመው፤ እኔ ግን ዓይኔ ሁልጊዜ ድስቱ ላይ ነበር። ዘንጉን ይዤ እዚያው ጎንብሼ ትንሽ ቆየሁ። እንባዬ እስኪመለስ።

ቀና ስል እትዬ አሁንም ያዩኛል።

«ይሂዱ እትዬ» አልኳቸው።

ትንሽ ይከራከሩኛል ብዬ ነበር። «እውነትሽን ነው?» ይሉኛል፣ እኔም ሁለተኛ ብጠየቅ እሸነፋለሁ ብዬ ነበር። አልተከራከሩም። ትከሻቸው ወረደ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑና «አልሐምዱሊላህ» ብለው ረጅም ትንፋሽ አወጡ። ከስንት ዓመት ሥራ በኋላ ይህን ያህል እፎይታ ፊታቸው ላይ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ከመሄዳቸው ይልቅ እሱ ነው የጎዳኝ።

አስተናጋጁ መጥቶ ሌላ የምንጨምረው ነገር እንዳለ ጠየቀ። እትዬ ወደ እኔ ዞሩ።

«በቃን» አልኩት።