ለአንድ ሰው የታቀደ የአንኮር ቀን

ካምቦዲያ እሄዳለሁ ያልኩት ሳላስበው ነው።

የምሠራው ሆላንድ፣ ዴን ሃግ ውስጥ፣ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። ጠዋት ጠዋት አረጋውያኑን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ ቁርስ አቀርባለሁ። በየዓመቱ የካቲት ላይ የፈረቃ ኃላፊያችን ሁላችንንም ሻይ ክፍል ሰብስባ ማን መቼ ቫካንሲ፣ ለዕረፍት ማለት ነው፣ እንደሚወጣ ትመዘግባለች። እዚህ አገር ሰው ለዕረፍቱ የሚጨነቀውን ያህል ለሠርጉ አይጨነቅም፤ የት እንደምትሄጂ ካልተናገርሽ የታመምሽ ይመስላቸዋል። የእኔ መልስ ለአሥራ ስምንት ዓመት አንድ ነበር፤ "እናቴ ጋ።" ኋላ ኋላ ኃላፊዋ ሳትጠይቀኝ ነበር የምትጽፈው።

እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነበር። ተዝካሯ ከወጣ በኋላ ወንድሜ የአዲስ አበባውን ቤቷን አከራየው፤ እህቶቼም በየፊናቸው ናቸው። የመጀመሪያውን ዓመት ዕረፍቴን ስኪዳም፣ ቤቴ ውስጥ አሳለፍኩት። መጋረጃ አጠብኩ፤ ምድጃውን አውጥቼ ጀርባውን ፈተግሁ። በአራተኛው ቀን ሥራ ቦታ ደውዬ ሰው የጎደለበት ፈረቃ እንዳለ ጠየቅሁ።

በዓመቱ ምዝገባው ሲመጣ አንዲት አዲስ የተቀጠረች ልጅ፣ ምንም ሳታውቅ፣ "አንቺ እናትሽ ጋ ነው አይደል የምትሄጂው?" አለችኝ። የሚያውቁት ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው ኩባያቸውን ማየት ጀመሩ። ያን ዝምታ አልቻልኩትም። ጠረጴዛው ላይ ነዋሪዎቹ ጀምረው የተዉት የሚገጣጠም ሥዕል ነበር። የካርቶኑ ክዳን ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ ያለ ትልቅ የድንጋይ ፊት፣ ዙሪያውን ዛፍ ብቻ፣ ከሥሩ የአገሩ ስም።

"ካምቦዲያ" አልኩ። "የጥንቶቹን የክመር ቤተ መቅደሶች ለማየት።"

"ብቻሽን?"

"ከጓደኛዬ ጋር።"

ኃላፊዋ ኅዳር ላይ ሁለት ሳምንት ብላ ጻፈችው።

ይረሱታል ብዬ ነበር። አልረሱትም። አንዷ እንዲያውም የትንኝ ቅባት አመጣችልኝ። ወሬው ኮሪደሩ መጨረሻ ያለው ክፍል ደረሰ። እዚያ የሚኖሩት ሽማግሌ ዕድሜያቸውን ሙሉ ትራም ሲነዱ የኖሩ ናቸው፤ ያ የሚገጣጠም ሥዕልም የእሳቸው ነበር። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ አብረው ሄደው ቦታውን አይተውታል። በማግስቱ ካልሲያቸውን ሳጠልቅላቸው፣

"ትሄጃለሽ የሚባለው እውነት ነው?" አሉኝ።

"እውነት ነው" አልኳቸው። ሌላ ምን እላለሁ?

"እንግዲያው ስሚኝ። ከቡድን ጋር እንዳትገቢ። ባንዲራ የያዘ አስጎብኚ ተከትለሽ ስትሮጪ ምንም ሳታዪ ይመሻል። አንድ ቱክ ቱክ ለቀኑ ትይዣለሽ፤ ሰዓቱን የምትወስኚው አንቺ ነሽ።"

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ፣ ለማጠብና ለማልበስ በተሰጠኝ ሃያ ደቂቃ ውስጥ፣ ቀኑን እንደ ትራም ሰሌዳ ሠራንለት። እሳቸው በፈረንጅ ሰዓት ይናገራሉ፤ እኔ ወደ ቤት ስመለስ ባቡር ውስጥ በእኛ ሰዓት ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ቱክ ቱክ ያሉትን ባጃጅ ብዬ ጻፍኩት። ጎህ ሳይቀድ ከሆቴል መነሳት። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አንኮር ዋት ኩሬ ዳር ሆኖ ፀሐይ ስትወጣ ማየት። ሰዉ ለቁርስ ወደ ሆቴሉ ሲመለስ ወደ ውስጥ መግባት። ሁለት ሰዓት ላይ ታ ፕሮም፣ የዛፍ ሥር ግድግዳውን አቅፎ የያዘበት። ፊቶቹ ያሉበትን ባዮንን ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ዘንበል ስትል። ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት ስላሉኝ አንድ ቅዳሜ ሮተርዳም ገበያ ወርጄ ስስ ሱሪ ገዛሁ። ሱሪውን ስገዛ ነው የምር እንደምሄድ ያወቅሁት።

የቀረው ጓደኛ ማግኘቱ ነበር። አምስተርዳም ኦስዶርፕ የምትኖር፣ የስደተኞች ካምፕ ሳለን አንድ ክፍል የተጋራን ወዳጅ አለችኝ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቷ ሄጄ ደብተሩን አሳየኋት። ገለጥ ገለጥ አድርጋ ሳቀች።

"የጣዖት ቤት ለማየት ነው ይህን ያህል የምንበረው? አንቺ ላሊበላን እንኳ መች አየሽ?"

እውነቷን ነው፤ አላየሁም። ለእናቴ ስል ከአዲስ አበባ ወጥቼ አላውቅም ነበር።

"ደግሞስ" አለች እጄን ይዛ፣ "ልጄ ኅዳር ላይ ትወልዳለች። አራስ ትቼ የትም አልሄድም።"

እንኳን ደስ ያለሽ ብዬ ሳምኳት። ደስም ብሎኛል። ነገር ግን ወደ ጣቢያው በሚወስደኝ ትራም ላይ፣ ሌላ ልጠይቀው የምችል ሰው ባስብ ባስብ፣ አንድም ሳይመጣልኝ ወረድኩ።

ለሽማግሌው አልነገርኳቸውም። እሳቸው ሁሉንም ነገር ለሁለት ሰው ነበር የሚያቅዱት፤ አንዷ ሌላዋን ፎቶ የምታነሳበትን ቦታ ሳይቀር። መስከረም ላይ አንድ ጠዋት፣ "የጓደኛሽ ጉልበት ደህና ነው? የአንኮር ዋት ላይኛው ደረጃ እንደ መሰላል ቀጥ ያለ ነው" ሲሉኝ ግን ደከመኝ።

"ጓደኛ የለችም" አልኳቸው። "የምሄደው ብቻዬን ነው።"

ደብተሩን እንድሰጣቸው እጃቸውን ዘረጉ።

"ታዲያ ይህ ዕቅድ አይሆንም። ብቻውን የሆነ ሰው ሁሉን ነገር ቶሎ ይጨርሳል። የሚያዋራው የለማ። እኔ አሁን ቁርሴን በአምስት ደቂቃ ነው የምበላው። ባለቤቴ ሳለች አንድ ሰዓት ነበር።"

በጣቴ ያሳየኋቸውን የፎቶውን መስመር ሰረዙና ታ ፕሮም ካለበት ጎን በደች ጨመሩበት፤ "ግማሽ ሰዓት ቁጭ በይ። ቢሰለችሽም።"

ሄድኩ። ኩሬው ዳር የተሰበሰበው ሰው የጥምቀት ያህል ነበር። ሁሉም ሁለት ሁለት ነው። ብቻዬን መሆኔን ሲያዩ ስልካቸውን እየሰጡ ፎቶ አንሺን አሉኝ፤ ሰባት ጥንዶች አነሳሁ። ውስጡን፣ በድንጋዩ ላይ የተቀረጹትን ሴቶች፣ ደረጃውን፣ ሁሉንም፣ ሽማግሌው እንዳሉት፣ ቶሎ ጨረስኩ።

ታ ፕሮም ስደርስ ትእዛዙን አክብሬ አንድ የወደቀ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ለአንድ ሰው መደወል አማረኝ። ስልኬን አወጣሁ። ሆላንድ እኩለ ሌሊት አልፏል፤ አዲስ አበባም ገና አልነጋም። የነቃ ሰው የለም። ስልኩን መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፤ ያኔ ልቅሶዬ መጣ።

እናቴ ስትሞት አውሮፕላን አግኝቼ እስክደርስ ተቀብራ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ድምፅ ባወጣሁ ቁጥር ሁለት ሰው ክንዴን ይዞ "በቃ፣ ይበቃሻል" ይለኝ ነበር። ሆላንድ ስመለስ ደግሞ ማልቀሻ ቦታ አጣሁ። ያን ጠዋት ግን ማንም በቃሽ አላለኝም። ጎብኚዎቹ በሌላ በር ያልፋሉ፤ ወፍ ይጮሃል፤ እኔ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ። ተነስቼ ሰዓት ሳይ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀምጫለሁ። የባጃጁ ሾፌር ዓይኔን አይቶ ምንም ሳይጠይቀኝ ቀዝቃዛ ውኃ ሰጠኝ፤ ቀስ ብሎም ነዳ። ዕቅዱ ተዛብቶ አንድ ቤተ መቅደስ ቀረ። ባዮን የደረስኩት ከታቀደው ሰዓት ዘግይቼ ነው። ፊቶቹ ካርቶኑ ላይ ካየሁት ይልቅ ያረጁ፣ ሽበት የመሰለ ሻጋታ ያለባቸው ናቸው። ከእነሱ ጋር እስኪዘጋ ቆየሁ።

ስኪዳም ስመለስ ቤቱ እንደተውኩት ነበር። ሻንጣዬን ሳልፈታ ኦስዶርፕ ደወልኩ። የወዳጄ ልጅ በሰላም ተገላግላለች። ስለ ሕፃኑ ፀጉር፣ ስለ ክብደቱ፣ ሌሊት እንዴት እንደሚያድር አርባ ደቂቃ አወራችኝ። ልንሰነባበት ስንል፣ "ለመሆኑ አገሩ እንዴት ነበር?" አለችኝ።

"ይሞቃል" አልኳት።

ሌላውን ሰኞ ጠዋት ለሽማግሌው ነገርኳቸው፤ የዘለልኩትን ቤተ መቅደስም፣ ልቅሶውንም፣ በየሰዓቱ፣ አንድ ሳላስቀር።