በልጄ ኮምፒውተር ላይ የጎደለው

ኮምፒውተሩን ከሶኬት የነቀልኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው የሚያነብ ሰው ጥፋተኛውን ፍለጋ እንዳይደክም ብዬ ነው። ልጄ ሦስት ቀን ሙሉ ደክማለች፣ የእሷ ይበቃል።

የምንኖረው ጌጃ ሰፈር፣ ስድስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀምበት ግቢ ውስጥ ነው። እኛ ጋ መብራት ሄዶ ሲመለስ በሰላም አይመለስም። የእኔን ፍሪጅ አቃጥሏል፣ የጎረቤቴን ቴሌቪዥን አቃጥሏል። ስለዚህ ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲያጉረመርም የግቢው ሴቶች የተሰጣ ልብስ ከማንሳታችን በፊት ሶኬት እንነቅላለን። አንዷ ከበሯ ላይ ሆና «ንቀሉ!» ትላለች፣ ሁላችንም እንነቅላለን። ለምን ብሎ የጠየቀ ሰው አላስታውስም።

ስራዬ ልብስ ስፌት ነው። የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። አማርኛ በደንብ አነባለሁ። የእንግሊዝኛውን ፊደል አንድ በአንድ አውቀዋለሁ፣ ሲገጣጠም ግን ምን እንደሚል አላውቅም። ልጄ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ቀን ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ ጨርቅ ቤት ትሸጣለች፤ ከስራ ስትወጣ ደግሞ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ በነጻ የሚያስተምር ማሰልጠኛ ትሄድ ነበር። ስምንት ወር ሄደች። በመጨረሻው እያንዳንዱ ሰልጣኝ የሰራውን ነገር በራሱ ኮምፒውተር ለፈታኞች ያሳያል። ያለፈ ሰው ድርጅት ውስጥ ገብቶ ስራ ይለማመዳል፣ ጎበዝ ከሆነም እዚያው ይቀጠራል። ያላሳየ ወደ ቤቱ ነው። የእሷ ተራ ረቡዕ ጠዋት ነበር።

የምትሰራው ነገር ለእኔ የታሰበ ነው። የደንበኛን ወገብ፣ ትከሻና እጅጌ መዝግቦ የሚይዝ፣ ስሙን ስትጽፊ ልኩን የሚያወጣልሽ ፕሮግራም።

«እማ፣ ደብተርሽን ጡረታ አስወጣዋለሁ» ትለኝ ነበር።

«ደብተሬ ምን አደረገሽ?»

«ሻይ ይጠጣል።»

እውነቷን ነው፣ ግማሹ ገጽ ሻይ ፈሶበታል።

እስከዚያ ድረስ የምትሰራው በማሰልጠኛው ኮምፒውተር ነበር። ፈተናው ሲቃረብ አጎቷ ያገለገለ ላፕቶፕ ሰጣት። ባትሪው የሞተ ነው፤ ከሶኬት ከተነቀለ ያኔውኑ ይጠፋል። ዓርብ ጠዋት ወደ ሱቅ ከመሄዷ በፊት ስፌት ማሽኔ አጠገብ አስቀምጣው፣ «እማ፣ ፕሮግራም የምጽፍበት ነገር እየተጫነ ነው። ትልቅ ስለሆነ ከሰዓትም ሊቆይ ይችላል። እንዳትነኪው» አለችኝ።

«እኔ ምን ልነካ!» አልኳት።

ስምንት ሰዓት ላይ ሰማዩ ጠቆረ፣ አጉረመረመ። «ንቀሉ!» ተባለ። ስፌቴን ትቼ ቆምኩ። ፈሪ ሰው ነኝ፣ አልደብቅም። የጋዝ ሲሊንደሩን መዝጋቴን ለማየት ከታክሲ ወርጄ ከአብነት በእግሬ የተመለስኩበት ቀን አለ። አሁን ደግሞ ልጄ ያላት አንድ ኮምፒውተር ዓይኔ እያየ ሊቃጠል ነው። አትንኪ ብላኛለች። ግን ቢቃጠልስ?

መንቀል ብቻ አላደረግኩም። የማላውቀውን ነገር ሳልጽፍ አልነካም፤ የሰው ልብስ ስፈታ እንኳ የቱ ስፌት የት እንደነበረ መጀመሪያ እጽፋለሁ። ደብተሬን አንስቼ ኮምፒውተሩ ላይ የወጣውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ፊደል በፊደል ገለበጥኩት። ቁጥሩንም ጻፍኩ፤ አርባ አንድ ይል ነበር። ከዚያ ነቀልኩት። ዝናቡ ሲያባራ መልሼ ሰክቼ ቁልፉን ተጫንኩ። በራ፣ የሚያምር ስዕል አወጣ። ደህና ነው ብዬ ወደ ስፌቴ ተመለስኩ።

ልጄ ስትመጣ ከፈተችው። ፕሮግራሙ ተከፈተ። ተመስገን አልኩ በሆዴ። ከዚያ አዲስ ስራ ጀምር የሚለውን ተጫነች፣ እንደገና ተጫነች።

«ምነው?»

«ባዶ ነው። እዚህ ጋ ዝርዝር መኖር ነበረበት።»

«የምን ዝርዝር?»

«አንቺ ኮሌታ ስትቆርጪ ከባዶ አትጀምሪም አይደል? ከካርቶን የቆረጥሽው ልክ አለሽ፣ እሱን ጨርቁ ላይ ታስቀምጫለሽ። እዚህም ስራ ሲጀመር እንደዚያ የተዘጋጀ መነሻ አለ። አንድም የለም።» የጻፈችውን ከፍላሽ ገልብጣ ስትከፍተው ደግሞ ከታች ቀይ በቀይ ሆነ። «ይኸው፣ መሳሪያዎቹም የሉም። የጻፍኩትን ወደሚሰራ ፕሮግራም የሚቀይሩት።»

«ልኩም መቀሱም የለም በይኛ።»

«እንደሱ በይው።» ከዚያ ቀና ብላ ጠየቀችኝ። «እማ፣ ሲጫን መብራት ሄዶ ነበር እንዴ?»

«አልሄደም» አልኩ። መብራቱ በእውነትም አልሄደም ነበር። እንደዚያ ብዬ ነው ራሴን ያታለልኩት።

ጭነቱ በሰላም አልቋል ብላ ስላመነች ችግሩን ሌላ ሌላ ቦታ ፈለገችው። ቅዳሜ አጥፍታ አበራችው፣ ማስተካከያውን ሁሉ ቀያየረችው። እሁድ አብራት የምትማር ልጅ ደውላ «ኮምፒውተርሽ አርጅቶ ይሆናል» አለቻት። እሷም እያመነች ሄደች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ የሸሚዝ ቁልፍ እተክላለሁ፣ አፌን ግን አልከፍትም።

ሰኞ እሷ ሱቅ ስትሄድ ላፕቶፑን በነጠላዬ ጠቅልዬ አብነት ወደሚገኝ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ጠጋኙ ወጣት ነው፣ ከፍቶ ሁለት ደቂቃ አላየውም።

«ማዘር፣ ይሄ ፎርማት ነው የሚፈልገው።»

«ምንድነው እሱ?»

«ሙሉ በሙሉ ጠርገን እንደ አዲስ እንጭነዋለን።»

«ውስጡ ያለው የልጄ ስራስ?»

«እሱማ አብሮ ይጠረጋል።»

«ታዲያ ምን እንደጎደለው አይተህ ንገረኝ።»

«ብነግርዎት ይገባዎታል?»

ስልኩን ሊያሰራ አግዳሚው ላይ የተቀመጠ አንዱ ሳቀ። «ተዋቸው፣ ማዘር ፕሮግራመር ናቸው!»

ፊቴ ጋለ። «አይደለሁም» አልኩት። «ልብስ ሰፊ ነኝ። ዚፑ የተበላሸ ሱሪ ሲመጣልኝ ሱሪውን አላቃጥልም፣ ዚፑን ነው የምፈታው። አንተ ገና ሳታይ ነው ልጥረገው የምትለው። አምጣው።»

«ማዘር፣ አይቆጡ እንጂ፣ ሌላም ቦታ ይሄንኑ ነው የሚሉዎት።»

«ይበሉኝ። አምጣው አልኩህ።»

ተቀብዬው ወጣሁ። እስከ ጌጃ ሰፈር በቁጣ ነው የሄድኩት። ሳያይ ሊጠርግ! ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ! እየተናደድኩ ግን አንድ ነገር ያዘኝ። እሱ አልጠየቀም። ልጄ ጠይቃኝ ነበር፣ የደበቅኳት እኔ ነኝ።

ልጄ ስትመጣ ቴሌቪዥኗ የተቃጠለባት የወሎዋ ጎረቤቴ እኛ ቤት ነበረች። ልጄ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «ነገ ለማሰልጠኛው ደውዬ እቀራለሁ ልላቸው ነው» አለች።

«ወላሂ፣ ምን ያስጨንቃችኋል?» አለች ጎረቤቴ። «ሱቅ አላት፣ ደሞዝ አላት። ሌላው ስንቱ ቁጭ ብሏል።»

ልጄ ራሷን ነቀነቀች። አዎ ማለቷ ነበር። ስምንት ወር በፀሐይ በዝናብ የሄደች ልጅ ዓይኔ እያየ እሺ ልትል ነው።

«የነቀልኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምኑን?»

«ኮምፒውተሩን። ዓርብ ሲያጉረመርም። ስትጠይቂኝ የዋሸሁሽም እኔ ነኝ።»

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። ድምጿ እየቀጠነ፣ «ሦስት ቀን እኮ እማ... ሦስት ቀን ሙሉ ደደብ ነኝ፣ ለእኔ አይሆንም እያልኩ...» አለች። ከጩኸት ይልቅ ይሄ ነው የጎዳኝ። ጎረቤቴ እንኳ መሬት መሬት አየች።

ደብተሬን ከፍቼ ፊቷ አስቀመጥኩ። «ከመንቀሌ በፊት የነበረው ይኸው።»

መጀመሪያ ሳትፈልግ ነው ያየችው። ከዚያ ገጹን ወደ አምፖሉ አስጠጋችው። ከአንዲት ደንበኛ ወገብና ከአንድ ተማሪ እጅጌ መሃል እኔ የገለበጥኳቸው ፊደሎች ተሰልፈዋል። ጮክ ብላ አነበበቻቸው። እንደገና አነበበቻቸው።

«እማ! ይሄ እኮ የመሳሪያዎቹ ስም ነው። ዋናው ገብቷል፣ እነሱ መግባት ሲጀምሩ ነው የቆረጥሽው። ለዚህ ነዋ የሚከፈተው! ለዚህ ነዋ ደህና የሚመስለው!»

«ታዲያ ይድናል?»

«መጫኛውን እኮ አንድ ቀን ተመልሼ አልከፈትኩትም፣ ጨርሷል ብዬ!» ከፈተችው። ጭነቱ አላለቀም የሚል ጽሑፍ እዚያው ቁጭ ብሎ ሲጠብቃት ከርሟል። ከጎኑ ትንንሽ ሳጥኖች አሉ፤ የሚያስፈልጓትን ሁለቱን ምልክት አደረገችባቸው። ጊዜውን አየችና ፊቷ መልሶ ጠቆረ። ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፣ ማክሰኞ ደግሞ ሱቅ መቅረት አትችልም።

«ነገ ጠዋት አስጀምሪውና ሂጂ» አልኳት።

አየችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ ገባኝ።

«ሂጂ አልኩሽ እኮ!»

ማክሰኞ ስፌት አልሰፋሁም። ወንበሬን ከኮምፒውተሩ ፊት ለፊት አድርጌ ተቀመጥኩ። ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ደመናው መጣ፣ ጭልምልም አለ፣ «ንቀሉ!» ተባለ። ተነሳሁና ካውያውን ነቀልኩ፣ ሬዲዮኑን ነቀልኩ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ። እጄ አመል አለበት፣ ብቻውን ወደ ሶኬቱ ይሄዳል። ከጭኔ ስር አድርጌ ተቀመጥኩበት።

ጎረቤቴ በሩ ላይ መጣች። «አንቺ ሴትዮ፣ አትሰሚም እንዴ?»

«ሰምቻለሁ።»

«ይቃጠላል እኮ!»

«ከተቃጠለ እየሰራ ይቃጠል። እኔ ግን ሁለተኛ አልነቅለውም።»

«ወላሂ ለይቶልሻል» አለችና ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች። ነጎድጓዱ ቆርቆሮውን ሲያንቀጠቅጠው ሁለታችንም ዓይናችንን ጨፈንን። አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ ተመለሰ። «ስንት ደረሰ?» አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ስልሳ ስምንት።»

«ያ ረቢ! ምን ያንፏቅቀዋል?»

ነጎድጓዱ አልፎ ተራ ዝናብ ብቻ ቀረ፣ እኛ ግን አልተነሳንም። ጎረቤቴ ልጆቿ ሲጠሯት «ስራ ላይ ነኝ!» ብላ መለሰችላቸው። አስር ሰዓት ላይ መቶ ሞላ። ሱቅ ደወልኩ።

«መቶ ይላል።»

«ምንም አትንኪ!» ብላ ጮኸች፣ ደንበኞቹም የሰሟት ይመስለኛል።

እየሮጠች ነው የመጣችው። አዲስ ስራ የሚለውን ስትጫን ዝርዝሩ ከላይ እስከ ታች ወረደ። የራሷን ስራ ከፈተች፣ ጠበቀች፣ ቀዩ አልመጣም። በምትኩ ያቺ ለእኔ የሰራቻት ገጽ ወጣች፤ ወገብ፣ ትከሻ፣ እጅጌ በአማርኛ ተጽፎባታል። ጎረቤቴ እልል አለች። ልጄ የቀራትን መጻፍ ጀመረች።

ረቡዕ አብሬያት ሄድኩ። ዘበኛው ለወላጅ አይፈቀድም አለኝ። ኮምፒውተሩን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ያለ እኔ አይገባም አልኩት፣ ገባሁ። ፈታኞቹ ሦስት ናቸው። ልጄ አሳየቻቸው፣ የአንዱን ፈታኝ የትከሻ ልክ በሜትር ወስዳ እዚያው መዘገበችለት። አንደኛዋ ሴትዮ፣ «ስራ ቦታ መሳሪያዎችሽ ድንገት ቢጠፉ ከምን ትጀምሪያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ማን ምን እንደነካ እጠይቃለሁ» አለች ልጄ። «የነካው ሰው እንዲነግረኝ ደግሞ ሳልቆጣ ነው የምጠይቀው።»

ፈታኞቹ ሳቁ። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

ተነጋግረው ሲጨርሱ ሴትዮዋ፣ «አልፈሻል። ልምምዱ ሰኞ ይጀምራል፣ ሦስት ወር ነው፣ ሙሉ ቀን። የትራንስፖርት ብቻ ነው የሚከፈለው። ስራ እንዳለሽ ጽፈሻል፣ ትችያለሽ?» አለቻት።

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። የሱቁ ደሞዝ ቤታችን ውስጥ ምን እንደሚሰራ ሁለታችንም እናውቃለን። እሷ እሱን እያሰበች እያለ እኔ ተነሳሁ።

«ትችላለች» አልኩ።

«እናት፣ እሷ ብትመልስ ይሻላል።»

«ትመልስ። ግን ቤቱን እያሰበች እንቢ እንዳትል ነው። ቤቱን እኔ አስብበታለሁ።»

«እችላለሁ» አለች ልጄ።

ታክሲ ውስጥ እስክንገባ ደስታው ያዘን፣ ከዚያ ፍርሃቱ መጣብኝ። ሦስት ወር። የቤት ኪራይ። የትምህርት ቤት መክፈቻ ካለፈ ዩኒፎርም የሚያሰፋ የለም። ሁሉንም አሰብኩት፣ ማሰብ አልተውም፣ አመሌ ነው።

«እማ፣ ለሱቁ ሰዎች ማን ይነግራቸዋል?» አለች በቀስታ። ባለ ሱቁ ሰውዬ ቁጡ ነው፣ ትፈራዋለች። እኔም እፈራዋለሁ።

«ተክለ ሃይማኖት ወራጅ አለ!» አልኩ።

ወረድን። ሱቁ በር ላይ ስንደርስ ኮምፒውተሩን ለእሷ ሰጥቼ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ቀድሜያት ገባሁ።