ሪሞት ይዤ ወደ ኦቾሎ ቤተ መጻሕፍት

ንጋት፣ ሲቀላ

ዛሬ ጠዋት ስልኬ ነው ብዬ የቴሌቪዥናችንን ሪሞት ኪሴ ከትቼ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ካለው ቤቴ ወጣሁና ሲቀላ ወርጄ ሚኒባስ ያዝኩ። መብራት አልነበረም። ስልኩና ሪሞቱ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ጎን ለጎን ተኝተው ነበር፤ ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም ቀጭን፣ ሁለቱም የኔን ትእዛዝ የማይሰሙ። በዳበሳ አንዱን አነሳሁ። በዚህ ዕድሜዬ ዓይኔን አላምንም፤ እጄንም ማመን እንደሌለብኝ ዛሬ ተማርኩ።

ስህተቴን ያወቅኩት ሚኒባሱ ከሲቀላ ወጥቶ የኩልፎን ድልድይ ከተሻገረ በኋላ ነው። አጠገቤ የተቀመጠች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ "አባባ፣ ስንት ሰዓት ነው?" አለችኝ። ጉሮሮዬን ጠርጌ ከደረት ኪሴ አወጣሁና ተጫንኩት። አልበራም። ደግሜ ተጫንኩት። ልጅቷ በአክብሮት ጎንበስ ብላ አየችው።

"አባባ፣ እሱ እኮ ሪሞት ነው።"

"አውቃለሁ" አልኳት። "የሾፌሩን ሙዚቃ ይቀንስልኝ እንደሆነ ልሞክር ብዬ ነው።"

እንዳጋጣሚ ለሾፌሩ ስልክ ተደወለለትና ሙዚቃውን ቀነሰው። ልጅቷ ከዚያ በኋላ እስክወርድ ድረስ በሌላ ዓይን ታየኝ ነበር።

ነገሩ ግን ለኔ እንጂ ለምህረት ቀልድ አይደለም። ምህረት የጓደኛዬ ልጅ ናት፤ ኦቾሎ ላይ አንዲት ክፍል ቤተ መጻሕፍት ትጠብቃለች። የቀበሌው ሊቀመንበር "አሁን መጽሐፉ ሁሉ ስልክ ውስጥ ገብቷል፤ ክፍሏን ለማዳበሪያ መጋዘን እንፈልጋታለን" ብሏል። ጉዳዩ ዛሬ ሽማግሌዎች ፊት ይታያል። ከተስማሙ መደርደሪያው ይወጣል፤ ምህረትም ተከትላው ትወጣለች።

እኔ እዚህ ውስጥ የገባሁት በአፌ ነው። ባለፈው አንድ ለቅሶ ቤት ካርታ በሚጫወቱ ሰዎች መሃል ተቀምጬ፣ መጽሐፎቼን በሙሉ በገዛ እጄ ፎቶ እያነሳሁ ስልኬ ውስጥ እንዳስገባሁ ስለፈልፍ ሰማችኝ። "ጋሼ፣ ይምጡና ያሳዩልኝ" አለች። "ስልክ ውስጥ ያለ መጽሐፍም ቢሆን የሚነበብበት ቤትና የሚያስነብብ ሰው እንደሚፈልግ ይንገሩልኝ።" እሺ አልኩ። ለቅሶ ቤት ውስጥ እምቢ ማለት ይከብዳል። ስለዚህ የዲጂታሉ ዘመን ምስክር ሆኜ እየሄድኩ ነው፤ ከነሪሞቴ።

ረፋድ፣ ላንቴ

ለምን አልተመለስክም የሚለኝ ይኖራል። ሽማግሌዎቹ የሚሰበሰቡት ዛሬ ነው፤ ብመለስ አልደርስም። ደግሞ ልጅቷ ፊት "ወራጅ" ማለት አፈርኩ።

ላንቴ መንገዱ ግራና ቀኝ ሙዝ ነው። በጋሪ የተጫነ ሙዝ፣ በሴቶች ጀርባ ያለ ሙዝ፣ በላስቲክ ላይ የተዘረጋ ሙዝ፣ የእሱን ልጣጭ የምትበላ ፍየል። ሽቅብ ወደ ኦቾሎ የሚያወጣኝ ሞተረኛ አገኘሁ። ስልኩን አዋሰኝ፤ ግን የማን ቁጥር ልደውል? የባለቤቴም፣ የምህረትም ቁጥር ያለው እቤት የቀረው ስልክ ውስጥ ነው። የራሴንም አላውቀውም፤ ለራሴ ደውዬ አላውቅማ።

"አባባ፣ አጥብቀው መያዝ ይችላሉ?" አለ ሞተረኛው።

"ምኑን?"

"እኔን።"

ያዝኩት። ዳገቱ ሲጀምር ደግሞ አቀፍኩት። አንድ ጠመዝማዛ ላይ ዓይኔን ስገልጥ አባያ ሐይቅ ከታች ወተት የበዛበት ሻይ መስሎ ተዘርግቷል፤ እጅግ ያምራል። ወዲያው መልሼ ጨፈንኩ። ስለ ቀረው መንገድ ለአንባቢ የምነግረው የሞተረኛው ጃኬት ሳሙና ሳሙና እንደሚሸት ብቻ ነው።

ቀትር ሲቃረብ፣ ኦቾሎ

ቤተ መጻሕፍቱ የቆርቆሮ ጣሪያ ያላት፣ አናቷ ላይ ሶላር የተሸከመች ክፍል ናት። ስገባ መጀመሪያ ያየሁት መጽሐፍ ሳይሆን ስልክ ነው። ከግድግዳው ማከፋፈያ ላይ ስልኮች በየገመዳቸው እንደ በቆሎ ተንጠልጥለዋል። ከስልኮቹ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ሸማኔዎች፣ ከገበያ የተመለሱ ሴቶችና ሥራ ፈላጊ ምሩቃን ተደርድረው ተቀምጠዋል። አንዱ ምሩቅ በጋራው ታብሌት የሥራ ማመልከቻ ይሞላል፤ የቀሩት አንዲት ሴት ጮክ ብላ የምታነበውን ያዳምጣሉ።

የምህረት ሕግ እንዲህ ነው፦ ስልኩን የሰካ ሰው እስኪሞላለት ድረስ ከክፍሏ አይወጣም። ተቀምጦ ያነባል፤ ማንበብ ያቃተው ይነበብለታል። ዋጋ የለውም፤ ክፍያው መቀመጥ ነው።

"ባትሪው ያረጀበት ሰው ብዙ ያነባል" አለችኝ እየሳቀች። "አቶ ዳናን ይዩዋቸው። የሳቸው ስልክ ከጠዋት እስከ ቀትር አይሞላም፤ አሁን መጽሐፍ ሊጨርሱ ነው።"

አቶ ዳና ስልካቸውን በላስቲክ ያሰሩ፣ ጥጥ ልብሳቸው ላይ የተጣበቀባቸው ሸማኔ ናቸው። ቀና ብለው አዩኝና "ዝም በሉ፣ በቅሎዋ ጋ ደርሰናል" አሉ።

ምህረትን ወደ ውጭ ጠርቼ ሪሞቱን አሳየኋት። ረጅም ጊዜ አየችው።

"ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ከሩቅ ካዩት ስልክ ይመስላል። በመሀረብ ጠቅልዬ ከፍ አድርጌ ባሳይስ?"

"ቁልፉ ላይ 'ድምፅ' የሚል ተጽፎበታል እኮ። ደግሞ ዱቡሻ ላይ አይዋሽም።"

ዱቡሻ የጋሞ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነገር የሚያዩበት አደባባይ ነው። እዚያ ድምፅ አይቆጠርም፤ አንድም ሰው ቅር ሳይለው ሁሉም እስኪስማማ ይነጋገራሉ። አልጨረስኩም የሚል ሰው ካለ ነገሩ ይቆያል። ይህንን ስትነግረኝ ልብ አላልኩትም፤ ውሸቴን እያሰብኩ ነበር።

ከሰዓት፣ ዱቡሻው ላይ

ዛፍ ጥላ ስር፣ በጊዜ ብዛት መቀመጫ ያለሰለሰው ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። የሁሉም ታላቅ የሆኑት አባት ለዝናብ፣ ለከብት፣ ለእንግዳ መረቁ። ሊቀመንበሩ ጀመረ። ጨዋ ሰው ነው፤ ማዳበሪያው ዝናብ ሳይመታው መግባት አለበት አለ፤ እውነቱን ነው።

"መጽሐፉ በስልክ ይነበባል። ማዳበሪያ ግን ስልክ ውስጥ አይገባም" ሲል ብዙ ራስ ተነቀነቀ። የኔም ራስ፣ ሳላስበው።

"እንግዳው ይናገሩ" ተባለ።

ተነሳሁ። መሀረቤን ፈታሁ። "አባቶቼ፣ ስልኬ ውስጥ ያሉትን መጽሐፎች ላሳያችሁ ነበር የመጣሁት። ስልኬ እቤት ነው። ይዤ የመጣሁት ይሄን ነው።"

ሪሞቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዱ አዛውንት ወደ ሊቀመንበሩ አነጣጥረው ተጫኑት። "ይሄው፣ ዝም አለ" አሉ። ሳቁ እስከ ላንቴ ተሰምቶ ይሆናል።

የሁሉም ታላቅ "ልጄ፣ ስልኩን ስትረሳው መጽሐፎቹም ቀሩ ማለት ነው?" ሲሉ ጠየቁኝ። "ልጄ" መባሌን ወድጄው መልሱን ረሳሁ።

ሳቁ ሲበርድ ግን ነገሩ ወደ ማዳበሪያው አዘነበለ። አንዱ ተስማማ፣ ሌላው ተስማማ። ምህረት መሬት መሬት ታያለች። ተራው አቶ ዳና ጋ ደረሰ።

"እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ለእንግዳው" አሉ። "የነጋዴውንና የጠፋችበትን በቅሎ መጽሐፍ ያውቁታል?"

"አውቀዋለሁ፤ ስልኬ ውስጥም አለ።"

"እዚህ ያለውን የመጨረሻውን ቅጠል አይጥ በልቶታል። በቅሎዋ ከወንዙ ማዶ ቆማለች፤ የሙሽራዋ ጥሎሽ ጀርባዋ ላይ ነው፤ ወንዙ ሞልቷል። ነጋዴው ጫማውን አወለቀ። ከዚያስ?"

ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። አፌን ከፈትኩ። ያንን መጽሐፍ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ትዝ ያለኝ ግን ሽፋኑ አረንጓዴ መሆኑ ብቻ ነው።

"ይሻገራል?" አሉ አንዲት እናት ከኋላ።

"ይሻገራል… ወይም አይሻገርም" አልኩ።

"እንግዲያው እኔ አልጨረስኩም" አሉ አቶ ዳና ተረጋግተው። "ክፍሏ ከተዘጋች ማን ያነብልኛል? መጨረሻውን ሳልሰማ አልስማማም።"

"አቶ ዳና፣ ማዳበሪያው እኮ…" አለ ሊቀመንበሩ።

"ማዳበሪያው ለጊዜው እኔ ቤት ይደር። የሽመና ዕቃዬን ወደ ጎን አደርገዋለሁ። በቅሎዋን ግን ማዶ አቁሜ አልተኛም።"

ሽማግሌዎቹ በጋሞኛ ተንሾካሾኩ። ታላቁ አባት ፈረዱ፦ እንግዳው እቤታቸው ሲደርሱ መጨረሻውን ይላኩ፤ አቶ ዳና ይስሙ፤ ከዚያ ስለ ክፍሏ እንነጋገራለን። እስከዚያ ክፍሏ ክፍት ትሁን።

"መቼ ይልካሉ?" አለኝ ሊቀመንበሩ።

"ዛሬውኑ" አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ከዚያ ቆጮ በዳጣ አበሉኝ። ዳጣው ዓይኔን ሲያስለቅሰኝ አቶ ዳና "ስለ በቅሎዋ ነው?" አሉ።

ማምሻ፣ ሴቻ

ቤት ስገባ ባለቤቴ ቴሌቪዥኑ ፊት እጇን አጣምራ ተቀምጣለች። መብራቱ እንደመጣ ቴሌቪዥኑ በሕፃናት ጣቢያ ተከፍቶ፣ ቀኑን ሙሉ አንድ የሚዘፍን ጥንቸል ስታይ ውላለች።

"ስልክህን አነጣጥሬ ሞከርኩ" አለች። "እንዳንተ ነው፤ የሚሠራውን አያውቅም።"

ሪሞቷን አስረክቤ ስልኬን ይዤ ጥግ ያዝኩ። መጽሐፉን አገኘሁት። የመጨረሻው ገጽ አለ፤ አይጥ አልነካውም። በቅሎዋ ማዶ ናት፣ ወንዙ ሞልቷል፣ ጫማው ወልቋል። "ነጋዴውም አንድ እግሩን ውሃው ውስጥ ከትቶ…" ይላል። ከዚያ በታች ጣት አለ። ትልቅ፣ ጠማማ ጥፍር ያለው አውራ ጣት፣ የቀሩትን መስመሮች በሙሉ ሸፍኖ። ጥፍሩን ከሩቅም አውቀዋለሁ፤ ይሄን በምጽፍበት እጄ ላይ ነው ያለው።

የወረቀቱ መጽሐፍስ? ስልክ ውስጥ ከገባ ምን ያደርጋል ብዬ ለቆሎ ሻጯ መጠቅለያ እንዲሆናት ሰጥቼዋለሁ።

ለምህረት ደወልኩላት። ሁሉን ነገርኳት። ሳቋን አፍና "ጋሼ፣ መጨረሻው እስኪመጣ ክፍሏ ክፍት ናት የተባለው፣ አይደል?" አለች።

"አዎ።"

"እንግዲያው እባክዎ አይቸኩሉ።"

መጽሐፉ አርባ ምንጭ ውስጥ የሆነ ሰው ቤት ይኖራል። እፈልገዋለሁ፤ ቃል ገብቻለሁ። ከሴቻ ወደ ሲቀላ፣ ከሲቀላ ወደ ሴቻ፣ በየቤቱ፣ በዚህ ጉልበቴ፣ ቀስ እያልኩ። እስከዚያው ለአቶ ዳና አንድ አውራ ጣት የሚሸፍነውን ያህል ታሪክ ዕዳ አለብኝ።