ብቻዋን የቀረችው ክብ

ለአጥቢያችን ቤተ ልሔም ሊሠራ ነው፤ የቁርባኑ ኅብስት የሚዘጋጅበት ቤት። የሕንፃ ንድፍ የምትማረው ልጄ ፕላኑ ላይ በምዕራብ በኩል ተቀምጦ አየችው። ቦታው ግን ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ምሥራቅ ነው። ስህተቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ በሥራው ያለውን ሰው ሁሉ በክብ በክብ ሣለች፤ ስለ ፕላኑ የተነጋገሩትን በመስመር አገናኘች። ሥዕሉንም በሰበካው ስብሰባ ላይ ዘረጋችው።

«አባ፣ የእርስዎ ክብ ከማንም ጋር አልተገናኘችም» አለቻቸው አስተዳዳሪውን ቄስ።

በሀፍረት ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብሁ። ያላለቀ ነገር ለአባቶች አይቀርብም ብዬ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። የሕንፃ ኮሚቴውም ፕላኑን ሳያልቅ ያላሳያቸው ለክብራቸው ብሎ ነበር።

አባ ሣቁ። «አክብራችሁኝ ነው ብቻዬን ያስቀራችሁኝ?» አሉና ፕላኑን የነደፈውን መሐንዲስ «ና ልጄ፣ ሳይቆፈር ቦታውን ላሳይህ» ብለው ይዘውት ወጡ።

ተመስገን አልሁ። ብቻቸውን ያስቀራቸው እኔም ለልጄ ያስተማርሁት አክብሮት ነበርና ቀና ማለት ግን አቃተኝ።